ወደ ላሜ እሄዳለሁ

ኦሙራሊ አጋይ፣ ማለትም መምህር ኦሙራሊ፣ የሞቱት ቅዳሜ ነው፤ አስከሬናቸው የተገኘው ግን ሰኞ ጠዋት። በመካከሉ «ሰውየው የት ገቡ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ኢንስፔክተር ቶክቶካን ሽማግሌው ይሠሩበት ወደነበረው የትርጉም ቢሮ ስትገባ መጀመሪያ ሆዷን ያባባት ይኸው ነበር፤ ሬሳ ማየትማ የዘወትር ሥራዋ ነው።

ሽማግሌው ከከሰል ምድጃው አጠገብ ባለችው አሮጌ ሶፋ ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ ካፖርታቸውን ደርበው በጎናቸው ተኝተዋል። ጉንጫቸው ቀላ ብሏል፤ ለማያውቅ ሰው ደህና እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላሉ። ቶክቶካን ግን የቢሽኬክን ክረምት በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ስላሳለፈች ያንን የከሰል ጭስ ቅላት ስታይ ሐኪም አትጠብቅም። ቀና ብላ የምድጃውን የጭስ መውጫ አየች። ክዳኑ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

«አደጋ ነው አይደል?» አለች የቢሮው ባለቤት ኑርጃማል፣ ከበሩ ሳታልፍ። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ወፈር ያለች፣ ዝም ማለት የማይሆንላት ሴት ናት። «ግን አጋይ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠሩም! ክዳኑን እኛ ስንረሳው የሚቆጡን እሳቸው ናቸው!»

ቶክቶካን ወደ ሟቹ ጠረጴዛ ሄደች። ኮምፒዩተሩ አልጠፋም፤ አንዱን ቁልፍ ነካ ስታደርገው ስክሪኑ ነቃ። ከአንድ የተከፈተ ገጽ በቀር ሌላ ነገር የለም። በገጹ ላይ በኪርጊዝኛ እንዲህ ተጽፏል፦

«ደክሞኛል። ማንንም አትውቀሱ። ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ኦሙራሊ።»

ኑርጃማል ከኋላዋ መጥታ አነበበችና አፏን በመዳፏ ያዘች። «ራሳቸውን? አጋይ? ኧረ ይሄን ጉድ!»

ቶክቶካን ገጹን ዝቅ አድርጋ ለማየት ማውስ ፈለገች። ጠረጴዛው ላይ የለም።

«አይፈልጉት፤ መሳቢያ ውስጥ ነው» አለች ኑርጃማል። «አጋይ ማውስ አይነኩም። ‹እጅህን ከኪቦርድ ባነሳህ ቁጥር ከዕድሜህ ላይ ይቀነሳል› ነበር የሚሉን።»

እውነትም በመሳቢያው ጥግ አንድ ማውስ በገመዱ እንደተጠቀለለ ተቀምጧል፤ የተከማቸበት አቧራ ሳይነካ ዓመታት ማለፋቸውን ይናገራል። ቶክቶካን ሳትነካው መሳቢያውን ዘጋች። ከዚያ የሟቹን የካፖርት ኪስ ፈተሸች። ስልካቸው፣ መሐረባቸው፣ ሁለት ትናንሽ የሱፍ ክር ጥቅሎች፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። ክሮቹ አዲስ ናቸው።

«ሹራብ ይሠሩ ነበር እንዴ?»

«አጋይ? የሸሚዛቸውን ቁልፍ እንኳ የምተክልላቸው እኔ ነኝ።»

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ቶክቶካን ሦስቱን ሠራተኞች አንድ በአንድ አነጋገረች። በቢሮው ከሟቹ ሌላ ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ የመግቢያው ቁልፍም በሦስቱም እጅ አለ።

ኑርጃማል ሻይ ቀድታ ተቀመጠች፤ ጽዋውን ግን አልነካችውም።

«አጋይ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው እኔ ዘንድ የመጡት። በማስተማር ኖረው አልወጣላቸውም፤ እኛንም ማስተማር ያዙ። ኮንትሮልና ሲ ይቀዳል፣ ኮንትሮልና ቪ ይለጥፋል፣ ኮንትሮልና ኤፍ ይፈልጋል። ሌላም ስንት ነገር! ማውስ ስነካ ካዩኝ እጄን በማስመሪያ ቸብ ያደርጉኛል፤ እኔ ባለቤቷን!»

«ታዲያ ለመዱት?»

«እኔ? እኔማ ደረቅ ነኝ። ያለ ማውስ ኮምፒዩተር ፊት ቢያስቀምጡኝ በጨለማ እንደ መደናበር ነው። ጎበዙ ሱልጣናሊ ነው። ጣቶቹ አይታዩም። እሱም ቢሆን ሰው ነውና ይስታል። አንድ ጊዜ የከብት ሌባ ክስ ሲተረጉም፣ ‹ሦስት ቤቶች ከግጦሽ ላይ ተሰረቁ› ብሎ አውጥቶ አረፈ። ላሞች ለማለት ነው እኮ! አጋይ ሳምንቱን ሙሉ ሳቁበት።»

ቶክቶካንም ፈገግ አለች። «አጋይን ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቸኩላቸው?»

ኑርጃማል ድምጿ ወረደ። «‹ቶሎ ጨርሱና ወደ ቤታችሁ ሂዱ፤ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ› ይሉናል። እኛ በጊዜ እንወጣለን። እሳቸው ይቀራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት እንኳ እዚሁ ናቸው። እዚህ ያበስላሉ፣ እዚህ ሸለብ ያደርጋሉ። ቤት ቢሄዱ ማን አላቸው?»

ቶክቶካን የሟቹን ኮምፒዩተር እያሳየች፣ «ቅዳሜን የት እንደዋሉ እዚህ ላይ ይጻፉልኝ» አለቻት።

ኑርጃማል ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ግራና ቀኝ አየች፣ አንድ ቁልፍ ተጫነች፣ አንድ ያላሰበችው ነገር ተከፈተባት፣ በድንጋጤ እጇን ሰበሰበች። «ማውሱን ያውጡልኝ፤ አለዚያ እስክሪብቶ ይስጡኝ!» እስክሪብቶ ተሰጣት።

ሬሳውን ያገኘችው ጸሐፊዋ ሪታ ነበረች፤ ስድሳ ያለፋት ሩሲያዊት፣ ልጆቿ ወደ ኖቮሲቢርስክ ሄደው እሷ ብቻዋን የቀረች። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ጠዋት ከሌሎቹ ሁልጊዜ ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ግን ከእኔ ቀድመው ሻይ ያፈላሉ። ዛሬ የሻይ ሽታ አልነበረም። ያኔ ነው ያወቅሁት።»

«ከማን ጋር ተጣልተው ያውቃሉ?»

ሪታ ወደ በሩ አየት አደረገች። «ዓርብ ዕለት ሱልጣናሊን ተቆጡት። እኔ ኪርጊዝኛ ብዙ አልሰማም። ‹ካናት› ይላሉ፣ ‹ካናትቤክ› ይላሉ፣ ‹ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!› ይላሉ። ደግሞ ‹ሰኞ› አሉ። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ያን ቀን መስማቴ ነው።»

«ቋንቋውን ሳያውቁ እንዴት ይጽፉታል?»

«ፊደል በፊደል ነዋ። የማላውቀው ቋንቋ ስለሆነ ከወረቀቱ አንዲት ነጥብ አልጥልም። አጋይ ‹ሪታ፣ ኪርጊዝኛ የማትሳሳት አንቺ ብቻ ነሽ› እያሉ ይስቁብኝ ነበር።»

ቶክቶካን ከጋዜጣ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድትገለብጥ ሰጠቻት። ሪታ መነጽሯን አድርጋ፣ የቀኙን ኦልት ቁልፍ በተፈለገበት ቦታ ሁሉ እየተጫነች፣ ቀስ ብላ እንደ ጥልፍ አወረደችው። ኪርጊዝኛ የሚጻፈው በሩሲያ ፊደል ነው፤ ሦስት ድምፆች ግን የራሳቸው ፊደል ሲኖራቸው እነሱን ለማውጣት ያንን ኦልት ይዞ ዘመዳቸውን ፊደል መጫን ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው ማን ይደክማል ብሎ በዘመድየው ያልፋል፤ አንባቢም ገብቶት ያልፋል። ሪታ ግን አንድም አልሳተችም።

ሱልጣናሊ መጨረሻ ገባ። አርባዎቹን የጀመረ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የተመረጠ ሰው ነው። በቅርቡ ለአንድ ትልቅ የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት እንደታጨ ኑርጃማል ቀድማ ነግራታለች።

«አባቴ ነበሩ፣ ቶክቶካን ኤጄ» አለ ጭንቅላቱን ይዞ፤ «ኤጄ» ታላቅ እህት ማለት ነው። «የማውቀውን ሁሉ ከእሳቸው ነው ያገኘሁት።»

«ዓርብ ምን አጣላችሁ?»

«ጠብ አይባልም። ስለ አንድ ስም አጻጻፍ ተከራከርን። የሥራ ጉዳይ ነው።» መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። «ኤጄ፣ የውስጣቸው ሐዘን ሌላ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፣ ሞስኮ። እዚያ ያለ ባል ወለደችና አባትና ልጅ ተቆራረጡ። አሁን ደግሞ ነገ ልጇን ይዛ ልትመጣ ነው። ጎረቤት ምን ይላል? ለእንደ እሳቸው ያለ ኩሩ ሰው ከባድ ነው። ነፍሳቸውን ይማር፣ ከውርደት ሸሹ።»

«ቅዳሜስ አንተ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ባለቤቴ እናቷ ጋ ሄዳ ብቻዬን ነበርኩ።»

«እስቲ ጻፍልኝ።»

ሱልጣናሊ በሟቹ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አዲስ ገጽ ለመክፈትም፣ ቃል ለማድመቅም፣ ለማተምም እጁ ከኪቦርዱ አልተነሣም። ቁልፎቹ እንደ ዝናብ ተንጣጡ። ቶክቶካን ወረቀቱን ከማተሚያው አንሥታ ሳታነብ ወደ ቦርሳዋ ከተተችው። ምን ታነባለች? ቤቱ እንደነበረ ነግሯታል።

በማግሥቱ የሟቹ ልጅ ቤርሜት ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ወደ ጣቢያው መጣች። ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣች ወጣት ናት። ይዛው የመጣችው ሕፃን ወለሉ ላይ ሲወርድ የወንበር እግር ይዞ ቆመ፤ አንዴ ተራመደ፣ ተንገዳገደ፣ በመቀመጫው ዱብ አለ።

«መራመድ ጀመረ?» አለች ቶክቶካን።

«በቅርቡ ነው። ኢሊያዝ ይባላል።» ቤርሜት ፊቷ አልተፈታም። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፣ ኤጄ። በእኔ ምክንያት ነው?»

«ለምን እንዲህ አልሽ?»

«ሁሉም እያለው ነው። አክስቴ በስልክ ‹ገደልሽው› አለችኝ። የሰፈሩ ኢማም እንኳ ራሱን ባጠፋ ሰው ላይ ለመስገድ እያመነታ ነው ተባልኩ። አንድ ዓመት ሙሉ አልደወልኩላቸውም፤ እሳቸውም አልደወሉልኝም። ‹ልጅሽን ይዘሽ እንዳትመጪብኝ› ብለውኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጨክኜ ጻፍኩላቸው፤ ‹አባ፣ ማክሰኞ ልጄን ይዤ እመጣለሁ፤ ካልፈለጉን አክስቴ ጋ እናድራለን።› መልእክቴን አንብበውታል፤ ምልክቱ ያሳያል። መልስ ግን አልሰጡኝም።» ከንፈሯን ነከሰች። «መልሳቸው ይሄ ነው ማለት ነው። ሰው በአባቱ ሬሳ ላይ እንኳ ያለቅሳል፤ እኔ ድምፄ አልወጣ አለኝ። የገደለ ሰው እንዴት ያለቅሳል?»

«መምጣትሽን ለሌላ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። አክስቴም የሰማችው ትናንት ስለ ሞታቸው ስትደውልልኝ ነው። እንዲያው ‹አትምጪ› ቢሉኝ የሰማ ሰው እንዳይኖር ብዬ።»

ቶክቶካን ኢሊያዝን አንሥታ ለእናቱ ሰጠቻት። «ማንም» የሚለው ቃል ግን ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

ምሳዋን እንደ ልማዷ ጥግ ካለችው፣ ላግማን የተባለውን የፓስታ ወጥ ከምትሸጠው ቤት ብቻዋን በላች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ምግብ ቤት ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ነው የምትቀመጠው፤ ባዶውን ወንበር ላለማየት ይሻላል። አንድ ልጇ ኮሪያ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። የቤርሜት ነገር አንጀቷን በልቷት ስለነበር ስልኳን አውጥታ ጻፈችለት፤ «ልጄ፣ ለናውሩዝ በዓል ወደ ቤት ትመጣለህ?»

ላግማኑ ቀዝቅዞ ሊያልቅ ሲል መልስ መጣ። «አፓ፣ ላም ገዛሽ እንዴ? ወደ የትኛዋ ላም ነው የምመጣው?» ከሥሩ የሚስቅ ፊት አለ።

ቶክቶካን የጻፈችውን መልሳ አየች። እውነቱን ነው። «ዩይ» ቤት ነው፤ «ኡይ» ላም ነው። ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ናት፤ እሷንም እንደ አገሩ ሰው ሁሉ በቸልታ በዘመዷ ተክታት አለፈች። ልጇን «ወደ ላም ትመጣለህ?» ብላው አረፈች።

ሳቋ ግማሽ ላይ ቆመ። ቦርሳዋን ከፍታ የሟቹን ጽሑፍ ቅጂ አወጣችና ፊደል በፊደል፣ እንደ ሪታ፣ አነበበችው። ከዚያ የሱልጣናሊን ወረቀት አወጣች። ሒሳቧን ከፍላ ስትወጣ ሹራቧን ወንበሩ ላይ ረስታ አስተናጋጁ ተከትሎ ሰጣት።

ወደ ቢሮው ስትደርስ ሪታ ብቻ ነበረች። ቶክቶካን መጀመሪያ የሱልጣናሊ ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠች። በሁለት ጣቷ «ላም» ብላ ጻፈች። ቃሉን ጨርሳ ባዶ ቦታ ስትተው ማሽኑ በራሱ ቀየረው፤ «ቤት» ሆነ። እንደገና ጻፈች፤ እንደገና ቤት ሆነ። ሦስቱ ቤቶች ከግጦሽ ላይ እንዴት እንደተሰረቁ ያኔ ገባት።

«ሪታ፣ የተዘጋን ነገር መልሶ የሚከፍት ቁልፍ አለ?»

«ኢንተርኔት ላይ? አለ እንጂ። ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ከነሱ ጋር ቲ።» አለች ሪታ። «አጋይ ከሁሉም አስበልጠው የሚወዱት እሱን ነበር። ‹ምነው ለሌላውም ነገር በተሠራ› ይሉ ነበር።»

ቶክቶካን ወደ ሟቹ ኮምፒዩተር ሄዳ የተነገራትን ተጫነች። የተከፈተውን አንብባ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ደውላ ካናት የሚባል ሰው ያለበትን ክስ ጠየቀች።

ረቡዕ ጠዋት፣ ቀብሩ ከቀትር በኋላ ሊሆን፣ ሁሉንም በቢሮው ሰበሰበቻቸው። ምድጃው አልተነደደም፤ ሁሉም ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። ቤርሜት ሕፃኑን አቅፋ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሁለት ፖሊሶች ውጭ አሉ።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለች ቶክቶካን። «ይህ ማስታወሻ ባይጻፍ ኖሮ ‹የከሰል ጭስ አደጋ› ብዬ ፈርሜ እሄድ ነበር። የጻፈው ሰው አጋይ ክዳን እንደማይረሱ ስለሚያውቅ ፈራ። ነገሩን ላሽሞንሙን ብሎ አበላሸው።»

«የጻፈው ሰው?» አለች ኑርጃማል። «እሳቸው አይደሉም?»

«ኑርጃማል፣ ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ያንብቡልኝ። እንደገባዎት ሳይሆን እንደተጻፈው።»

ኑርጃማል ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «ወደ… ወደ ላሜ እሄዳለሁ።» ደነገጠች። «ላሜ?»

«‹ላም አለኝ በሰማይ› ካላሉ በቀር አጋይ ላም አልነበራቸውም። ስማቸውንም ይዩት። ‹ኦሙራሊ› ውስጥ ከሦስቱ ፊደላት ሁለቱ አሉ፤ እዚህ ላይ ሁለቱም የሉም። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ስለ እነዚህ ፊደላት ሲቆጣ የኖረ መምህር ለመጨረሻ ጊዜ ስሙን ሲጽፍ ይስታል?»

«አይስቱም» አለች ሪታ።

«አይስቱም። ስለዚህ ጽሑፉ የሌላ ሰው ነው። የማን? በዚህ ኮምፒዩተር ማውስ የለም፤ ያለውም መሳቢያ ውስጥ አቧራውን ለብሶ ተኝቷል። ኑርጃማል ሰኞ ዕለት አንድ መስመር እንኳ መጻፍ አቅቷቸው እስክሪብቶ ለመኑኝ።»

«ሰነፍ መሆን ለካ ይጠቅማል» አለች ኑርጃማል፣ እንባዋ እየወረደ።

«ሪታ ደግሞ ያለ ማውስ ይጽፋሉ። ግን ኪርጊዝኛን የሚገለብጡት ከወረቀት ነው፤ ሲገለብጡም ፊደል አይጥሉም። ከራሳቸው አፍልቀው እንዲህ ሊጽፉ አይችሉም።»

የሁሉም ዓይን ወደ ሱልጣናሊ ዞረ። እሱ አልደነገጠም። «ኤጄ፣ የፈለጉትን ሥራዬን ያምጡና ይዩ። በአንድም ወረቀቴ ላይ እነዚያን ፊደላት አጉድዬ አላውቅም።»

«ወረቀትህ አያጎድልም። ጣቶችህ ግን ያጎድላሉ። ለፍጥነት ብለህ በዘመድ ፊደል ትጽፋለህ፤ ማሽንህን ደግሞ እንዲያርምልህ አዘኸዋል። ላም ጻፍኩበት፣ ቤት አደረገው። በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ላም ስለማይመጣ ማንም አላወቀብህም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የከብት ሌባ መጣና ሦስት ቤት ከግጦሽ አሰረቅህ።» ወረቀቱን አወጣች። «የአጋይ ማሽን ግን ለማንም አያርምም። ሰኞ ዕለት በእሱ የጻፍክልኝ ይኸው። ‹ቅዳሜ ቀን ቤቴ ነበርኩ› ልትል ነበር። ‹ክዩን› ቀን ነው፤ አንተ የጻፍከው ‹ኩን› ነው፤ የደም ካሳ። ‹የቅዳሜ የደም ካሳ፣ ላሜ ጋ ነበርኩ› ብለህ በገዛ እጅህ ሰጠኸኝ።»

የሱልጣናሊ ፊት አመድ ሆነ። «ይሄ… እንዲህ ሁሉም ሰው ይጽፋል።»

«ይጽፋል። እኔም እጽፋለሁ። ግን ሌላም ነገር ነገርከኝ። ቤርሜት ልጇን ይዛ ‹ነገ ትመጣለች› አልከኝ። ቤርሜት የጻፈችው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ለአባቷ ብቻ። ከዓርብ በኋላ አጋይን ካላየህ ከየት ሰማህ?»

ሱልጣናሊ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«የመጣህበትን ምክንያትም ልንገራቸው?» አለች ቶክቶካን ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ካናት መኪና ይነዳ ነበር። ካናትቤክ የአጎቱ ልጅ ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። መኪናው ሰው ገጨ። የምስክሩን ቃል ስትተረጉም ‹ካናት› የካናትቤክ ማሳጠሪያ መሰለህ፤ መቼም እኛ ዘንድ ‹ቤክ› ቆርጦ መጥራት ያለ ነው። ኮንትሮልና ኤች ተጫንክ፣ ‹ካናት› ያለውን ሁሉ በ‹ካናትቤክ› ተካህ። ሁለት ሰው አንድ ሰው ሆነ። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ዛሬ እስር ቤት ነው። አጋይ ይህን ደረሱበት።»

«‹ሰኞ አንተው ሄደህ ንገራቸው፤ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ› አሉኝ» አለ ሱልጣናሊ ባልተለመደ ቀጭን ድምፅ። «ሹመቴ የሚጸድቀው በዚህ ሳምንት ነበር። ትንሽ ቢታገሡኝ ምን ነበረበት? ቅዳሜ የመጣሁት ልለምናቸው ነው። እውነቴን ነው፣ ልለምናቸው! ተኝተው አገኘኋቸው።»

«ቢነቁልህስ?»

«ቢነቁ…» አንገቱን ደፋ። «እሳቸው ናቸው ቶሎ መጨረስን ያስተማሩኝ።»

«ቶሎ ጨርሳችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ ነው ያሉት!» ጮኸች ኑርጃማል። «እሳቸው ተኝተው፣ አጠገባቸው ተቀምጠህ መሞቻቸውን ጻፍክላቸው? ክዳኑን ዘግተህ ወጣህ? ያጎረሰህን እጅ ነከስክ!»

ቶክቶካን በእጇ አስቆመቻት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ለሱልጣናሊ። «ከመውጣትህ በፊት ግን አንድ ሌላ ነገር አድርገሃል። ስክሪኑ ላይ የተከፈቱትን የኢንተርኔት ገጾች ሁሉ ዘጋህ። የቤርሜትን መልእክት ያነበብከው ከዚያው ነው። መልእክቱን ብትተወው ለተረትህ ይመችህ ነበር። ለምን ዘጋኸው?»

ሱልጣናሊ ወደ ቤርሜት ለማየት ሞከረ፣ አልቻለም። «ከመልእክቱ ጎን ሌላ ገጽ ነበር።»

«እሱ ስለሚመሰክርብህ ነው» አለች ቶክቶካን። «ሊሞት ያሰበ ሰው የሚጽፈው ጥያቄ አልነበረም።»

ፖሊሶቹ ገብተው ወሰዱት። ቶክቶካን በሩ እስኪዘጋ ጠበቀችና ቤርሜትን ወደ ጠረጴዛው ጠራቻት። «እጅሽን አምጪ። እዚህ፣ እዚህና እዚህ። አንድ ላይ ተጫኚ።»

የተዘጋው ገጽ ተመልሶ ተከፈተ። መፈለጊያው ላይ አንድ ጥያቄ ተጽፏል። ማንም በማያየው፣ ማንም በማያርመው ቦታ፣ ሦስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ለዚህም የቀኙን ኦልት ሳይሰለቹ ተጭነውታል።

«ዘመድ የሌለው አያት የልጅ ልጁን የእግር ክር ለብቻው መቁረጥ ይችላል?»

ቤርሜት አነበበችው። እንደገና አነበበችው። ቶክቶካን ከኪሷ ሁለቱን የሱፍ ጥቅሎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ጥቁሩንና ነጩን። መራመድ የጀመረ ሕፃን ሁለት እግሩ በጥቁርና በነጭ ክር ይታሰራል፤ ሰዎች ወደ እሱ ይሮጣሉ፣ ቀድሞ የደረሰው ክሩን ይቆርጥለታል፤ ሕፃኑም ዕድሜውን ሙሉ ሳይደናቀፍ ይሄዳል። ለዚህ ሯጭ ያስፈልጋል፤ ቤት ሙሉ ዘመድ ያስፈልጋል።

«መልእክትሽን ካነበቡ በኋላ ኦሽ ገበያ ሄደው ገዝተውታል። ከዚያ እዚህ መጥተው ይህን ጠየቁ» አለች ቶክቶካን። «መልስ አልከለከሉሽም፣ ልጄ። መልስ እየፈለጉልሽ ነው የተኙት።»

ቤርሜት ክሩን አነሣችው። «ይቻላል?» አለች በጠፋ ድምፅ። «ለብቻ ይቻላል?»

«አይቻልም» አለች ቶክቶካን። «ለብቻ አይሆንም። አርባቸው ሲወጣ ግቢው ውስጥ እናደርገዋለን። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ ግን እሮጣለሁ።»

«እኔም እሮጣለሁ» አለች ኑርጃማል በእጅጌዋ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ውፍረቴን አትዩ፣ አሸንፋችኋለሁ።»

ሪታ የተባለው ሁሉ አልገባትም። ግን ክሩን አየች፣ ሕፃኑን አየች፤ መነጽሯን አውልቃ ኪሷ ከተተች። «እኔ ድሮ በትምህርት ቤት አንደኛ ነበርኩ» አለች።

ኢሊያዝ ከእናቱ ክንድ ተንሸራትቶ ወረደ፣ የአያቱን ወንበር እግር ይዞ ቆመ፣ ለቀቀው፣ ወደ ሶፋው ተራመደ። ቤርሜት ከሞስኮ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ «አባዬ!» ብላ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።